እስክሪብቶ በቶርኖ፦ ከወይራ ቁራጭ እስከ ስጦታ

የእህቴ ልጅ በተመረቀች ቀን ስድስት እስክሪብቶ ተሰጣት። አምስቱ እስከ ዛሬ ከነሳጥናቸው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ስድስተኛው ከቦርሳዋ አይጠፋም። ከወይራ የተሠራ ነው፤ ሆዱ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለችው። ጠባሳዋ የእኔ ጥፋት ናት። እንዴት እንደመጣች ወደ ታች ስትወርዱ ታገኟታላችሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ጋራዤ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረች በመሮ የምታስቀርጽ ማሽን) ላይ ነው የምሠራው። ስጀምር ጥበቡ ያለው እንጨቱ ሲሽከረከር መሮ አያያዝ ላይ ይመስለኝ ነበር። የወራት እንጨት አባክኜ ነው የገባኝ፦ እስክሪብቶ የሚበላሸው ቶርኖው ሳይነሳ ነው። ሲበሳና ሲጣበቅ። ስለዚህ እዚህ መመሪያ ላይ ስለ ቀዳዳና ስለ ሙጫ ብዙ ካወራሁ አትሰልቹ።

ዕቃው

ብረት ቤት ያለው ትልቁ ቶርኖ አይደለም የሚያስፈልገው። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የእንጨት ቶርኖ ትበቃለች። በግራ የሚሽከረከረው ራስ አለ፣ በቀኝ ደግሞ እየተንሸራተተ መጥቶ እንጨቱን የሚደግፈው ራስ። ከመግዛታችሁ በፊት የግራው ራስ ቀዳዳ «ሞርስ ቁጥር 2» መሆኑን ጠይቁ። የእስክሪብቶ ማንድሬል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለዚያ ልክ ነው። ማንድሬል ማለት እንጨቱ የሚሰካበት ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። ከእሱ ጋር ቡሽንግ የሚባሉ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች ይገዛሉ። እንጨቱን እስከ የት ድረስ ማቅጠን እንዳለባችሁ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ከዚያ የእስክሪብቶው የውስጥ ዕቃ አለ፤ ሁሉም ሰው «ኪት» ነው የሚለው። ለጀማሪ የምመክረው ስሊምላይን የሚባለውን ቀጭኑን ነው። ርካሽ ነው፣ ስታበላሹት አያስለቅስም። ውስጡ ሁለት ባለ 7 ሚሊ የነሐስ ቱቦ፣ ጫፍ፣ ሲጠመዘዝ ቀለሙን የሚያወጣና የሚያስገባ ዕቃ፣ የመሃል ቀለበት፣ ክሊፕ፣ የራስ ቆብና ክሮስ በሚባለው የእስክሪብቶ ስም የሚታወቀውን ዓይነት የቀለም መሙያ ታገኛላችሁ። አገር ቤት ላላችሁ፦ ኪቱን ከውጭ ሰው ሲመጣ ማስያዝ ነው። አሥሩ ኪት አንድ እፍኝ ነው። «ሻንጣዬ ሞልቷል» ለሚል ዘመድ ሰበብ አይሆንም። ቶርኖው ከሌላችሁ ደግሞ የአልጋና የወንበር እግር የሚያወጡ የእንጨት ቤቶች ዘንድ ሄዳችሁ ተወዳጁ።

ሌላው ቀላል ነው። ባለ 7 ሚሊ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ)፣ ቆሞ የሚበሳ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ከነሞርሳው (ጨብጦ ከሚይዘው ማሰሪያ ጋር)፣ ጥርሱ ቀጭን የሆነ መጋዝ፣ ሁለት የቶርኖ መሮ (አንድ ጎድጓዳ፣ አንድ ጠፍጣፋና አፉ የተዘነበለ)፣ የቱቦ አፍ ማስተካከያ፣ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ)፣ ሱፐር ግሉ፣ የብርጭቆ ወረቀት ከ150 እስከ 600 ቁጥር።

ሳትጀምሩ ግን ልብሳችሁን እዩ። ጓንት አይደረግም። አዎ፣ አይደረግም። ቶርኖ ጓንት ከያዘ ጣቱንም አብሮ ይወስዳል። ረጅም እጅጌ ይጠቀለላል፣ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ ፀጉር ይታሰራል። ማተብ ያላችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ነጠላና ሻሽ ደግሞ ጭራሽ ወደ ማሽኑ አይቅረብ። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያና ጥሩ የአቧራ ማስክ አድርጉ። የወይራ አቧራ ሽታው ደስ ስለሚል ሰው ይዘናጋል። ሳንባ ግን ሽታ አይመርጥም።

እንጨቱ

ስጦታውን ስጦታ የሚያደርገው ይሄ ነው። ሱቅ የተገዛ የሚያምር እንጨት ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው የሚያውቀው እንጨት ሌላ ነው። የተሰበረ የአያት ወንበር እግር። ግቢ ውስጥ ከነበረ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ። የሚያስፈልጋችሁ 19 በ19 ሚሊ ወፍራም፣ 130 ሚሊ ርዝመት ያለው አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት። ይህን ያህል ከማንኛውም የተሰበረ ዕቃ ይወጣል።

እኔ ወይራ እወዳለሁ። ከባድ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ቡናማው ላይ ጥቁር ጅማት ይሮጥበታል፣ ሲለሰልስ ቀንድ ይመስላል። እዚህ አሜሪካ የእንጨት ሱቆች የቤተልሔም ወይራ የሚባል ቁራጭ ይሸጣሉ። ከአገራችን ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው፤ የእነሱ ፈዛዛ ቢጫ፣ የእኛ ጠቆር ያለ ነው። ኢየሩሳሌም ተሳልማ ለመጣች እናት ከዚያ እንጨት የተሠራ እስክሪብቶ ስጧትና ምን እንደምትሆን እዩ።

የቡና እንጨትም ድንቅ ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ብዙውን ጊዜ ለማገዶ ነው የሚሄደው። ሲቆረጥ ቅቤ የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም አለው፣ ቀዳዳ የማይታይበት ደቃቅ ነው። ዋንዛ ለስላሳና ታዛዥ ነው፣ ለመለማመጃ ከእሱ የሚሻል የለም። ጽድ ይሸታል፣ መልኩም ቀላ ብሎ ያምራል፣ ግን ሲፋቅ ቶሎ ይፈረከሳል። ባሕር ዛፍን ለጊዜው ተዉት።

እንጨቱ ደረቅ መሆን አለበት። ምክንያቱን ካወቃችሁ አትረሱትም፦ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ነሐስ ግን ንቅንቅ አይልም። እንጨቱ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። እዚህ አሜሪካ በበጋው ርጥበት የሠራሁት አንድ እስክሪብቶ ብርድ ሲመጣ የቤት ማሞቂያው በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ሰው ኪስ ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቋል። ደረቅ መሆኑን ማወቂያው የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ቁራጩን በየሳምንቱ መዝኑ፣ ጻፉ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እርጥብ ቅርንጫፍ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀቡት፤ ካልሆነ ከጫፉ ጀምሮ ይተረተራል።

ከአገር ቤት ይዛችሁ ለምትመጡ፦ አሜሪካ ስትገቡ እንጨት መያዛችሁን ማስታወቅ ግዴታ ነው። ቅርፊት ያለውን ባታመጡ ይሻላል። ተልጦ የደረቀ አምጡ።

መቁረጥና መብሳት

መጀመሪያ በቁራጩ አንድ ጎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእርሳስ መስመር አስምሩ። ከዚያ መሃሉ ላይ ለሁለት ቁረጡ። ያቺ መስመር ሁለቱ ግማሾች በኋላ እንደ ጥንቱ እንዲገጥሙ ታደርጋለች። ጅማቱ ከታችኛው ወደ ላይኛው ሳይቋረጥ ሲያልፍ ሰው «ይሄ ከአንድ እንጨት ነው እንዴ?» ይላል። መሃል ላይ የተቆረጠውን አፍ «መ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

እያንዳንዱ ግማሽ 63 ሚሊ ገደማ ይሆናል። የስሊምላይን ቱቦ 53 ሚሊ አካባቢ ነው። ቁጥሬን አትመኑ፤ የእናንተን ቱቦ እንጨቱ ላይ አስቀምጣችሁ ለኩ። ትርፉ 10 ሚሊ የባከነ አይደለም፣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር አስምሩና መሃሉን በሹል ነገር ውጉ። ቁራጩን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ። የምትበሱት «መ» ከተጻፈበት አፍ ነው። ፑንታ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ትንሽ ይዋልላል፤ ከመሃል ከጀመራችሁ ውልግድግዱ ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ መጋጠሚያው ላይ አይታይም።

ትራፓኖውን በዝግታ አስነሱ። በየአንድ ሳንቲሜትሩ ፑንታውን ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ብናኙን ያራግፍ። ወይራ ከሆነ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። የመጀመሪያውን ስበሳ ጋራዡ እርጎ ዕቃ የታጠነበት ቤት መሰለ። ደስ አለኝ፣ ናፍቆቴ ተነሳ፣ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ለካ እንጨቱ ከውስጥ እየተቃጠለ ነበር። በማግስቱ ሳየው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዳለች። የወይራ ጭስ ከሸተታችሁ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ሌላ ነገር፦ ቀዳዳውን በሌላ በኩል አታውጡት። ፑንታ ሲወጣ የእንጨቱን ጫፍ በርግዶ ነው የሚወጣው። 58 ሚሊ ያህል ወርዳችሁ አቁሙ። ከዚያ ያልተበሳውን ጫፍ በመጋዝ ቁረጡት። ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ይከፈታል፣ ከቱቦውም 3 ሚሊ ያህል የሚረዝም እንጨት ይቀራችኋል። ትርፏ 10 ሚሊ የዋለችው ለዚህ ነው።

ሙጫ

የነሐስ ቱቦው ሲመጣ የሚያብረቀርቅ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ሙጫ አይወድም። በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስቀለኛ እያደረጋችሁ ፋቁት፣ ድብዝዝ ይበል። በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት። ወይራ ራሱ ቅባት ስላለው ቀዳዳውንም በአልኮል የተነከረ ጨርቅ አሳልፉበት።

አሁን ድንች አምጡ። አልቀለድኩም። ጥሬ ድንች በቀጭኑ ቁረጡና የቱቦውን አፍ ጫኑበት። ክብ ድንች ተቆርጣ አፉ ላይ ትወተፋለች። ሙጫው ወደ ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ ትከላከላለች። ሙጫ ውስጡ ከደረቀ የመጨረሻው ቀን ዕቃዎቹ አይገቡም። ድንቿን በኋላ በሹል ነገር ትገፏታላችሁ።

ለጀማሪ በአምስት ደቂቃ መያዝ የሚጀምረውን ኤፖክሲ ነው የምመክረው። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፣ ፍጥነቱ ግን ከሰው ይቀድማል። ቱቦው ግማሽ ገብቶ «ጥርቅ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይወጣ፣ አይገባ። ኤፖክሲውን ቱቦው ላይም ቀዳዳው አፍ ላይም ቀቡ። እያዞራችሁ አስገቡ፣ መልሳችሁ ትንሽ አውጡ፣ እንደገና አዙራችሁ ግፉ። በሁለቱም አፍ በኩል ከእንጨቱ አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ገባ ይበል። እስከ ነገ አትንኩት።

ጠባሳዋ እዚህ ጋ ናት። ለእህቴ ልጅ የሠራሁት ላይ ሙጫ ቆጥቤ፣ ሳላዞር ቀጥ አድርጌ ገፋሁት። ሙጫው ወደ ኋላ ተገፍቶ መሃሉ ባዶ ቀረ። ከውጭ ምንም አይታይም። እንጨቱ ቀጥኖ ወደ ልኩ ሲደርስ ደጋፊ ያጣችው ቦታ ተፈንጥላ በረረች፤ ነሐሱ ወለል አለ። ምረቃው በማግስቱ ነበር። የወይራ ብናኝ በሱፐር ግሉ ለውሼ ሞላሁት። ከልቤ አዝኜ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን ስታስብ አውራ ጣቷን ጠባሳዋ ላይ ታሽከረክራለች።

ሙጫው ከደረቀ በኋላ የቱቦ አፍ ማስተካከያው ይመጣል። ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ዘንግና ዙሪያውን የሚላጭ ጥርስ ያለው ዕቃ ነው። ትራፓኖ ላይ አስራችሁ በዝግታ የእንጨቱን አፍ ላጩ። ነሐሱ ቀለበት ሆኖ ብልጭ እንዳለ ወዲያው አቁሙ። ዓላማው የእንጨቱ አፍ ከቱቦው ጋር እኩልና ፍጹም ቀጥ ያለ እንዲሆን ነው። ይህን ከዘለላችሁ መሃል ቀለበቱ በአንድ ወገን ያፈጣል፤ እሱ ደግሞ አይታረምም።

ቶርኖው ላይ

በማንድሬሉ ላይ ቡሽንግ፣ እንጨት፣ ቡሽንግ፣ እንጨት፣ ቡሽንግ እያደረጋችሁ ስኩ። ሁለቱ «መ» መሃል ላይ ይገናኙ፣ የእርሳሷ መስመር ትግጠም። ማንድሬሉ ጫፍ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዳዶ በጣት ብቻ አጥብቁ። የቀኙንም ራስ እንጨቱን እስኪደግፍ ብቻ አስጠጉ። ማንድሬሉ ቀጭን ነው፤ ካስጨነቃችሁት ይጎብጣል፣ እስክሪብቶውም ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ይሆናል።

የመሮ መደገፊያውን ወደ እንጨቱ አስጠጉ፣ 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑር፣ ከፍታው ከመሃሉ ጋር ይሁን። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት በእጅ አንድ ዙር አዙሩት። የማዕዘኑ ጥግ መደገፊያውን ከነካ አሁን እወቁት።

በደቂቃ 1500 ዙር አካባቢ ጀምሩ። ጎድጓዳውን መሮ ያዙ። መጀመሪያ ጀርባው እንጨቱን ይንካ፣ ገና አይቁረጥ። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ከፍ ስታደርጉ አፉ መያዝ ይጀምራል። አራት ማዕዘኑ «ታ ታ ታ» ይላል። ክብ እየሆነ ሲመጣ ድምፁ ይለሰልስና «ሽሽሽ» ይሆናል። ለጆሮ የሚነግር ማሽን ነው። ክብ ከሆነ በኋላ ፍጥነቱን ወደ 2500 ከፍ አድርጉት። ቀጭን ጥቅልል እንጨት እየተፈተለ ከወጣ መሮው ስሏል። ዱቄት ብቻ ከወጣ ደንዟል፣ አቁማችሁ ሳሉት። በደነዘ መሮ መግፋት የእንጨቱን ጅማት እየነቀለ ያስነሳዋል።

ሁልጊዜ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ውረዱ። ወደ ቡሽንጉ ስትጠጉ ፀጉር የምታክል ስትተርፍ ቁሙ፤ ሩብ ሚሊ ትበቃለች። ቀሪውን የብርጭቆ ወረቀቱ ይጨርሰዋል። ቅርጹን እንደ ወደዳችሁ። እኔ የታችኛውን ትንሽ ሆድ ሰጠት አደርገዋለሁ፤ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ጣት ያርፍበታል።

ማለስለስና ማስዋብ

መደገፊያውን አንሱት። ፍጥነቱን ቀንሱ። ከ150 ጀምራችሁ 240፣ 320፣ 400፣ 600። ቁጥር አትዝለሉ። በእያንዳንዱ ቁጥር መጨረሻ ማሽኑን አቁማችሁ በእንጨቱ ርዝመት እጅ በእጅ እሹት። ዙሪያውን የሚዞሩት ጭረቶች የሚጠፉት በዚህ ብቻ ነው። ወረቀቱ ቡሽንጉን እንዳይፈትግ ተጠንቀቁ፤ የብረቱ ጥቁር ብናኝ እንደ ቡና ያለ ነጣ ያለ እንጨት ውስጥ ከገባ አይለቅም።

ለማስዋቢያ ሁለት መንገድ አለ። የተልባ ዘይትና የንብ ሰም እንጨቱን እንጨት አድርጎ ይተወዋል። እጅ ላይ ደስ ይላል፣ ግን ከላብ ጋር እየደበዘዘ ይሄዳል። ለሚጻፍበት ስጦታ ሱፐር ግሉ ይሻላል። የቀጭኑን ዓይነት ሁለት ጠብታ በታጠፈ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ አድርጉና በዝግታ የሚዞረውን እንጨት ከጫፍ ጫፍ ጥረጉት። ይድረቅ። እንደገና። ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ። ጨርቅ እንዳትጠቀሙ፦ ቶርኖው ይይዘዋል፣ ጥጥ ደግሞ ከሱፐር ግሉ ጋር ሲገናኝ በጣም ይግላል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ሲያልቅ በጣም ደቃቁን ወረቀት በውሃ እያራሳችሁ ካሻችሁት መስታወት ይሆናል። ቡሽንጎቹ ከተጣበቁ አትፈንቅሉ፤ መጋጠሚያውን በስለታም ምላጭ ዙሪያውን ጫሩት፣ ይለቃል።

መግጠም

ዕቃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የምትጫኑት በሞርሳ ነው፣ መንጋጋዎቹ ላይ እንጨት አድርጉ። በመዶሻ አይሞከርም።

ጫፉን በታችኛው እንጨት ውጫዊ አፍ በኩል ጫኑ። የሚጠመዘዘውን ዕቃ በ«መ» በኩል፣ ነሐሱ ቀድሞ እየገባ። ትንሽ ገፍታችሁ አቁሙ። የቀለም መሙያውን ከኋላ አስገብታችሁ በመጠምዘዝ እሰሩትና አዙሩ። የጫፉ ብረት በደንብ ካልወጣ መሙያውን አውጡና አንድ ሚሊ ግፉ። እንደገና ሞክሩ። ስትገፉ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ካለፈ አይመለስም። እኔ ሦስት አራት ጊዜ ነው የምሞክረው፣ ማንም አያስቸኩለኝም።

የላይኛው ላይ ክሊፑንና ቆቡን አብራችሁ ጫኑ። መሃል ቀለበቱን አስገቡ፣ ሁለቱን ግማሾች በእጅ ግጠሙ። ጅማቱ እስኪገጥም አዙሩት።

ስትሰጡ ሳጥኑ አያሳስባችሁ። እኔ ከአሮጌ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የተረፈ ቁራጭ ላይ እጠቀልለዋለሁ። አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ የእንጨቱን ስምና ከየት እንደመጣ እጽፋለሁ። አንድ ትርፍ መሙያ ጨምሩ። አወላለቁንም አሳዩ፦ ላይኛውን ክፍል ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ የድሮውን መሙያ ወደ ግራ ፈትቶ አዲሱን ማሰር። የእህቴ ልጅ ይህን ስላላሳየኋት ቀለሙ ያለቀ ቀን «አጎቴ፣ ሞተብኝ» ብላ ደወለችልኝ።